ሁለት የስደት ፊልሞችና ሁለት ተዋንያን

ስለ አንድ ተዋናይ የሥራ ዘመን ሲጻፍ ብዙ ጊዜ የሚደረገው የፊልሞቹን ስም ከነዓመታቸው መደርደር ነው። ድርድሩ ለመዝገብ ይጠቅም እንደ ሆነ እንጂ ተዋናዩ አደገ ወይስ በነበረበት ቆመ ለሚለው ጥያቄ መልስ አይሰጥም። ስለዚህ እዚህ ላይ ከሁሉ ይልቅ የምንመረምረው ሁለት ፊልሞችን ነው፤ እነርሱም እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው «ሻፍት በአፍሪካ» እና እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው «ቀይ ቅጠሎች» ናቸው። በሁለቱም ላይ አቶ ደበበ እሸቱ ተጫውተዋል፤ በመካከላቸው 41 ዓመት አለ። ሁለቱም ነገራቸው ስደት ስለ ሆነ፣ ከቆቦና ከራያ ቆላ ወገን ሆኖ ለሚያያቸው ሰው ተራ የሲኒማ ጨዋታ ሆነው አይታለፉም።

እንደሚታወቀው ቆቦ ከወልዲያ ወደ መቀሌ በሚወስደው አውራ ጐዳና ላይ ያለች ከተማ ናት። በስተምሥራቋ ዞብል አለ፤ ከዞብል ማዶ የአፋር ምድር ነው። ከማሽላውና ከጤፉ ማሳ ተነሥቶ በአፋር በረሃ አድርጎ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግሮ በየመን በኩል ሳዑዲ ዐረቢያ ለመግባት የሚወጣው ወጣት ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ከተመላሾቹ መካከል የወሎ ልጆች ጥቂቶች አልነበሩም። በዚህ አገር ደላላ ማለት ከብትና ቤት የሚያሻሽጥ ሰው ብቻ አይደለም።

ታዲያ «ሻፍት በአፍሪካ» የሚያወራው ይህንኑ ነው። የኒው ዮርኩ መርማሪ ሻፍት በማስፈራሪያም በገንዘብም ተይዞ፣ ራሱን ሥራ ፈላጊ አፍሪካዊ አስመስሎ እንዲጓዝና አፍሪካውያንን ወደ አውሮፓ አሻግሮ ጉልበታቸውን የሚበዘብዘውን ማኅበር እንዲያፈርስ ይላካል። አዘጋጁ እንግሊዛዊው ጆን ጊለርሚን ነው፤ ከፊሉም የተነሣው በኢትዮጵያ ነው። ታሪኩ ከዘመኑ የቀደመ መሆኑን መካድ አይገባም። በዚያን ጊዜ አንድ የሆሊውድ ኩባንያ ይህን መንገድ ማሳየቱ ራሱ ቁም ነገር ነበር። ነገር ግን ፊልሙ መንገዱን ይዞ መንገደኛውን ጥሎታል። ስደተኞቹ የሚታዩት በጅምላ ነው። ማን ከየት ተነሣ፣ ለማን ዕዳ ገባ፣ እናቱ ምን ሸጠችለት የሚለውን ማንም አይጠይቅም። ሻፍት ግን ስም አለው፤ ቀልድ አለው፤ ሴት ትወደዋለች።

በዱላው ነገር ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። ሻፍት የአገሬውን የዱላ ፍልሚያ ይማራል፤ የሚይዘውም ዱላ በውስጡ የመሰለያ መሣሪያ የተሸሸገበት ነው። የራያ ጎልማሳ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ሁለት ክንዱን በላዩ ጥሎ ሲሄድ ያየ ሰው በዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም። በራያ ዱላ አካሄድ ነው፤ ዕረፍት ነው፤ ከብት መንጃ ነው፤ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ጠብ ነው። ፊልሙ የመጨረሻውን ብቻ መርጦ ወሰደ። ተዋናዩ መምታትን ተማረ እንጂ ዱላ ተሸክሞ መቆምን አልተማረም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የአንድን አገር ሰው በፊልም ማሳየት ማለት አቋቋሙን ማሳየት ስለ ሆነ ትንሽ አይደለም።

ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የክፍሎቹ አሰጣጥ ነው። አሚር ራሚላን የተጫወተው በእንግሊዝ ጊያና የተወለደው ሳይ ግራንት ነው፤ የአሚሩን ልጅ ዓለሜን የተጫወተችው አሜሪካዊቷ ቮኔታ ማጊ ናት። በአማርኛም በእንግሊዝኛም በመድረክ የሠሩት አቶ ደበበ ዋሳ የሚባል ሰው ሆነው ከነዚህ በታች ቆሙ። በትንሽ ክፍል ላይ ተዋናይን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው፤ ፊልሙ የፈለገው ፊታቸውን ነበርና ፊታቸውን ሰጡ። የሚያስቆጨው ኢትዮጵያ የጀርባ ሥዕል በሆነችበት ፊልም ውስጥ ኢትዮጵያዊው ተዋናይም የሥዕሉ ክፍል ሆኖ መቅረቱ ነው።

የዋናው ተዋናይ የሚስተር ሪቻርድ ራውንድትሪ ዕድልም ቢሆን በጥሞና ሲታይ ያን ያህል የሚያስቀና አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1942 ተወልደው፣ በኒው ዮርክ የጥቁሮች ቴአትር ማኅበር መድረክ ላይ ሠርተው፣ በ1971 ጎርደን ፓርክስ ባዘጋጀው «ሻፍት» በአንድ ጊዜ ገነኑ። በማከታተል ሁለተኛውና ሦስተኛው ወጣ፤ ሦስተኛው ይህ የኢትዮጵያው ነው። በዚያው በ1973 ሲቢኤስ የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት ሻፍትን በተከታታይ ማሳየት ጀመረ፤ ነገር ግን በየሳሎኑ ላለው ቤተ ሰብ እንዲመች ጥፍሩን ቆርጦ ስላቀረበው ሰባት ክፍል ታይቶ በ1974 ቆመ። ከዚያ በኋላ በ1977 «ሥሮች» በተባለው ስለ ባርነት በተሠራው ትልቅ የቴሌቪዥን ድርሰት ሳም ቤኔትን ሆነው ታዩ፤ ከዚያም ወዲያ በቴሌቪዥንም በፊልምም ሥራ አላጡም። ሆኖም በ2000 እንደገና ሻፍት ናቸው፤ በ2019 ደግሞ አያት ሆነው አሁንም ሻፍት ናቸው። 48 ዓመት አንድ ስም መሸከም ማለት ይህ ነው። በ2022 ከጄን ፎንዳ ጋር በሠሩት «ሙቪንግ ኦን» በተባለው ፊልም ላይ አንድ ለስላሳ ሽማግሌ ሆነው ስናያቸው፣ ይህ ሰው ይህን ሁሉ ዘመን ምን ይዞ ኖሯል ያሰኛል። በሚቀጥለው ዓመት ዐረፉ።

አቶ ደበበ እንዲህ ያለ ያልተቋረጠ መንገድ አላገኙም። በአገራችን አንድን ተዋናይ በየዓመቱ የሚመግብ የፊልም ሥራ አልነበረም፤ የሥራቸውም ክብደት በመድረኩ ላይ ነበር። ከ1997 ዓ.ም. ምርጫ በኋላም የቅንጅት ሰው ሆነው ታስረው እስከ 1999 ዓ.ም. መጨረሻ ድረስ በእስር ቆይተዋል። እንግዲህ «ቀይ ቅጠሎች» የመጣላቸው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ፊታቸው የራሱን ታሪክ ከጻፈ በኋላ ነው። አዘጋጁ ባዚ ጌቴ በኢትዮጵያ ተወልዶ በእስራኤል ያደገ ነው፤ ፊልሙም በኢየሩሳሌም የፊልም በዓል ላይ በመጀመሪያ ሥራ ተሸልሟል። ታሪኩ ከ28 ዓመት በፊት ቤተ ሰቡን ይዞ እስራኤል የገባ የ74 ዓመት ሽማግሌ ታሪክ ነው። ሚስቱ ስትሞትበት ቤቱን ሸጦ በየልጆቹ ቤት በተራ ለመኖር ይነሣል። ወጉን አልለቅም ያለ ሰው ነው፤ ዕብራይስጥ አፉን አይፈታለትም፤ የሚናገረውም ጥቂት ነው።

የጨዋታው ጥበብ ያለው በዚህ ጥቂት መናገር ላይ ነው። በመድረክ የኖረ ተዋናይ ብዙ ጊዜ በፊልም ላይ ድምፁ ይበዛበታል፤ አቶ ደበበ ግን ድምፃቸውን ከጋቢያቸው ሥር ያደረጉት ይመስላል። የዚህ ሽማግሌ ዝምታ ባዶ አይደለም። በራያ ቆቦ ዘወልድ በሚባለው የሽምግልና ሥርዓት ደም ሲታረቅ ያየ ሰው የሽማግሌ ዝምታ ፍርድ እንደ ሆነ ያውቃል፤ ሁሉም የሚጠብቀው እርሱ ተናግሮ እስኪጨርስ ሳይሆን መናገር እስኪጀምር ነው። የፊልሙ ኀዘን ያን ዝምታ የሚያነብ ሰው በዙሪያው አለመኖሩ ላይ ነው። ልጆቹ ዝምታውን እንደ ኩርፊያ ያዩታል።

ፊልሙ ከሼክስፒር ንጉሥ ሊር ጋር መዛመዱ ተነግሯል። ዝምድናው እውነት ነው፤ ልዩነቱ ግን ይበልጥ ያስተምራል። ሊር የሚያካፍለው መንግሥት ስላለው ይሳሳታል። ይህ ሽማግሌ ከራሱ በቀር የሚያካፍለው የለውም። የቆቦ አባት ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ ለልጆቹ ሊያካፍል የሚወደው መሬት አንሶበት፣ ልጁ ድርሻውን ፍለጋ ዞብልን አቋርጦ ይሄዳል። በዚህ ዐይን ሲታዩ ሁለቱ ፊልሞች የአንድ መንገድ መነሻና መድረሻ ናቸው፤ አቶ ደበበም በመነሻው ከዳር ቆመው በመድረሻው መካከል ላይ ተቀምጠዋል።

በ«ቀይ ቅጠሎች» ላይ የሚነሣ ነቀፌታ የለም ማለት አይደለም። በበኩላችን ፊልሙ ለአባትየው እጅግ አድልቷል እንላለን። በእንግዳ አገር ልጅ ማሳደግ፣ በሌላ ቋንቋ ሥራ መሥራትና የአባትን ወግ መጠበቅ በአንድ ላይ ምን ያህል እንደሚከብድ ልጆቹ በቂ ጊዜ ተሰጥቷቸው አልተናገሩም። ሽማግሌው ግትር ነው፤ ግትርነቱም ሌላውን የሚያቈስልበት ቦታ አለ። ተዋናዩ ይህን ጥፋት አልሸሸጉም፤ ፊታቸው ላይ ትተውታል። ካሜራው ግን ቶሎ ይራራለታል።

የዚህ መጽሔት አንባቢ ሊያደርገው የሚችል አንድ ጥናት እናሳስብ። ሁለቱን ፊልሞች ወደ ቆቦ ወስዶ፣ ልጆቻቸው ከሳዑዲ ዐረቢያ ለተመለሱላቸውና ላልተመለሱላቸው አባቶች በተከታታይ ማሳየት፤ ንግግሩ ወደ አማርኛ ይተርጐምላቸው፤ የሚስቁበትንና ዝም የሚሉበትን ቦታ በደቂቃው መመዝገብ። «ሻፍት» ላይ በዱላው ጨዋታ እንደሚስቁ ከወዲሁ መገመት ይቻላል። በሁለተኛው ፊልም ላይ ግን ከአባትየው ወገን ይሆኑ ወይስ ከልጆቹ፣ ተቀምጠን ካላየን በቀር ልንገምት አንችልም።