ስለ ቅጂ ነጋዴዎች የተጻፈ መጽሐፍ

የሰውን ድካም ያለ ፈቃዱ የሚሸጥ ሁሉ ሌባ መባሉ የታወቀ ነው። ነገር ግን ይኸው ሌባ ለሌላው መንገድ ጠራጊ ሊሆን ይችላል የሚል ደራሲ ሲነሣ፥ ነገሩን በትዕግሥት መመርመር ይገባል። ብራያን ላርኪን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. ያሳተመው «ሲግናል ኤንድ ኖይዝ» የተባለው መጽሐፍ ይህንኑ በሰሜን ናይጄሪያ፥ በካኖ ከተማ ምሳሌነት ያስረዳል።

እንደ ደራሲው ገለጻ፥ የካኖ ነጋዴዎች በዱባይ በኩል የሚመጡትን የሕንድና የአሜሪካ ፊልሞች ያለ ባለቤቶቹ ፈቃድ በቪዲዮ ካሴት እየገለበጡ ይሸጡ ነበር። በዚህም ንግድ የማባዣው መሣሪያ፥ የአከፋፋዩ መረብና የገዢው ልማድ ተደራጁ፤ የሐውሳ ቋንቋ ፊልም በተወለደ ጊዜም በዚያው መንገድ ወደ ሕዝቡ ደረሰ። ከቅጂ ላይ ቅጂ ሲወሰድ ሥዕሉ እንዴት እንደሚደበዝዝና ድምፁም እንዴት እንደሚሻክር የሚተርከው ምዕራፍ ከሁሉ የሚልቅ ነው።

ሆኖም መንገዱን ያደነቀ ሰው የባለ ሥራውንም ድርሻ አጥብቆ ሊጠይቅ ይገባዋል። ትናንት የባዕድ አገር ፊልም የገለበጠ እጅ፥ ነገ የጎረቤቱን ከመገልበጥ አይመለስምና።

በአገራችን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲው መብቱን ሰጥቶታል፤ ሥራውን በርካሽ ለሕዝብ የሚያደርስ መንገድ ግን በአዋጅ ብቻ አይሠራም። ስለዚህ ዛሬ ለኢንተርኔት ደንብ የሚያረቅ ሹም የተከለከለውን በር ሲዘጋ፥ ተማሪው በአቅሙ ከፍሎ የሚገባበትን ሕጋዊ በር አብሮ ይክፈት።