ጤፍ ፈሳሽ ነውን?
ስለ ሕፃናት የሳይንስ መማሪያ አመራረጥና ስለ ስያሜዎቻችን

በአሜሪካ ልጆቻቸውን በቤት የሚያስተምሩ ወላጆች የሳይንስ መማሪያ ሲመርጡ ዋጋውን፣ ሥዕሉንና ለሙከራ የሚጠይቀውን ዕቃ ያነጻጽራሉ። የቤታቸው ቋንቋ አማርኛ የሆነ ወላጆች ግን ሌላም ጥያቄ ይጠብቃቸዋል፤ ይኸውም የመጽሐፉ የመጀመሪያ ትምህርቶች በአማርኛ ሊነገሩ ይችላሉን? የሚል ነው። ጥያቄው ስያሜ የምናወጣውን እኛንም ይመለከታል።

ለምርመራ የመረጥነው በርናርድ ኔበል ከአፀደ ሕፃናት እስከ 2ኛ ክፍል ላሉ ልጆች በእንግሊዝኛ ያዘጋጀውን፣ በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመውን የሳይንስ መምሪያ ነው። መጽሐፉ የሚነበበው በአስተማሪው ነው፤ ልጁ የሚማረው በማየት፣ በመንካትና በመወያየት ነው። ስለዚህ ትምህርቱ በወላጁ አንደበት ላይ ያርፋል። ነገሮችን በየወገናቸው ከመመደብ መጀመሩም የመዝገበ ቃላት ባለሙያን የሚያስደስት ሥርዓት ነው። በዚህ ረገድ ከብዙ ባለሥዕል መጻሕፍት እናስበልጠዋለን።

ችግሩ የሚነሣው ወደ አማርኛ ሲሻገር ነው። ሁለተኛው ትምህርት ጠጣርን፣ ፈሳሽንና ጋዝን ይለያል። ነገር ግን በቤታችን ጤፍም «ይፈሳል»። እናቱ «ጤፉ ፈሰሰ» ስትል የሰማ ልጅ ጤፍን ከውሃ ጋር ቢመድብ ቋንቋውን በትክክል ተጠቀመ እንጂ አልተሳሳተም። እንግሊዝኛም እህልን በዕቃ ይገለብጣል፤ የፈሳሽ ስሙ ግን ከዚያ ግሥ አልተወለደም። «ጥጥ ጠጣር ነው» ቢሉትም ልጁ ይስቃል፤ በዕለት ንግግር ጠጣር ማለት የጠነከረ ነውና።

ሕይወት ያላቸውን፣ ተፈጥሯዊ ሆነው ሕይወት የሌላቸውንና በሰው የተሠሩትን የሚለየው ትምህርትም እንዲሁ ነው። ለሦስተኛው ወገን «ሰው ሠራሽ» ብንል ልጁ የሚያስበው ሰው ሠራሽ ፀጉርን እንጂ የእንጨት ወንበርን አይደለም። «ሰው የሠራቸው ነገሮች» ይሻላል። ከሁሉ የከፋው «ኃይል» ነው። የፀሐይ ኃይል፣ የስበት ኃይል፣ የኤሌክትሪክ ኃይል እያልን ሦስት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦችን በአንድ ቃል ጭነናል።

እነዚህ እንቅፋቶች ሲደራረቡ ወላጁ ወደ እንግሊዝኛ ይሸሻል። ልጁም አማርኛ ለሰላምታና ለማዕድ እንጂ ዓለምን ለማስረዳት አይበቃም ብሎ ይደመድማል። ይህን ድምዳሜ በኋላ መፋቅ አስቸጋሪ ነው።

ስለዚህ ፍርዳችን ይህ ነው። መጽሐፉ ሊመረጥ ይገባዋል፤ ነገር ግን አጭር የአማርኛ የቃላት መፍቻ ይከተለው። ጠጣርና ፈሳሽ ይቆዩ፤ ፍቺያቸው ግን «ቅርጹን የሚጠብቅ» እና «የዕቃውን ቅርጽ የሚይዝ» በሚል ይጀምር፤ አንዷ የጤፍ ፍሬም ለብቻዋ ትታይ፣ ቅርጿን ትጠብቃለችና። ለሚገፋና ለሚስብ ነገር «ጉልበት»ን እንመርጣለን፤ «ኃይል» ለፀሐይና ለነዳጅ ይቅር። ስለ መሬት ሲነገር «ስበት» ብቻውን ይበቃል። ለሊቃውንት የወጣ ስያሜ ሁሉ በአምስት ዓመት ልጅ ፊት እስኪፈተን ድረስ ሥራው እንዳለቀ ባይቆጠር መልካም ነው።