የዘንድሮው አበባ የእኔ አይደለም

አዲስ ሠራተኛ ሲመጣልኝ፣ መኮትኮቻ ከማስያዜ በፊት አንድ የቱሊፕ ሽንኩርት አነሣና በቢላ ከአናቱ እስከ ሥሩ ለሁለት እሰነጥቀዋለሁ። ከወፍራሞቹ ነጫጭ ልባሶች መሐል አንዲት ትንሽ ነገር ቆማ ትታያለች። ጠጋ ብሎ ላያት አበባ ናት፤ የአበባ ቅጠሎቿም ወንዴ ዘሯም ተሠርተው አልቀዋል። ወሩ ጥቅምት ነው። የምትፈነዳው ሚያዝያ ላይ ነው።

«ታዲያ ለእኛ ምን ሥራ ቀረ?» ብሎ አንዱ ጠየቀኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሽንኩርቱን ሆላንድ ያለ ገበሬ አሳድጎ፣ ስንቁን ሞልቶ ልኮታል፤ አበባዋም የሙቀቱን ወራት መጋዘን ውስጥ ሳለች ተሠርታለች። የእኛ ድርሻ እንዳትጨነግፍ መጠበቅ ነው። ትንሽ ሥራ ይመስላል፤ እኔ ግን እሱን ለመማር ዓመታት ፈጅቶብኛል።

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ ነው፤ ከግቢ ግቢ እየዞርኩ የሰው መደብ እሠራለሁ። አገር ቤት «በጥቅምት አንድ አጥንት» የምንለው ብርዱን ለመቋቋም ነው። ቱሊፕ ግን የምትበላው ብርዱን ራሱን ነው። ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል ከ9 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ካልቆየች በውስጧ ያለው ስታርች በወጉ ወደ ስኳር አይለወጥም፣ አገዳዋም አይመዘዝም፤ ብታብብ እንኳ መሬት ላይ ቁጢጥ ብላ ነው። ዘመዶቼ ሽንኩርቱን ገዝተው ወደ አዲስ አበባ ሊወስዱ ሲሉ «ተዉት» የምላቸው ለዚህ ነው። የአዲስ አበባ ሌሊት ይበርዳል፤ ግን ሦስትና አራት ወር ሳያቋርጥ የሚዘልቅ ብርድ የለም።

ብርድን በፍሪጅ መተካት ይቻላል፤ እኔም ሞክሬዋለሁ። አንድ ዓመት ቤት ውስጥ ቀድመው እንዲያብቡልኝ ብዬ ሠላሳ ሽንኩርት በወረቀት ከረጢት አድርጌ ፍሪጅ አስገባሁ። ሳምንቱን ቆጥሬ አውጥቼ ተከልኩ። ቅጠሉ አማረ፤ እንቡጡ ግን ውስጥ ለውስጥ ደርቆ እንደ ወረቀት ቀረ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ከታችኛው መሳቢያ ፖም አስቀምጬ ኖሯል። ፖም ሲበስል ኤቲሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ያ ጋዝ ሌላውን ፍሬ እንደሚያበስለው ሁሉ በሽንኩርቱ ውስጥ ያለችውን ጽንስ አበባ ይገድላል።

ቱሊፕን የሆላንድ ልጅ ብናደርጋትም ትውልዷ ከመካከለኛው እስያ ተራሮች ነው። ወደ ምዕራብ አውሮፓ የዘለቀችው በኦቶማን ቱርኮች በኩል ሲሆን፣ ካሮሉስ ክሉሲየስ የተባለው የዕፅዋት ሊቅ ላይደን በሚገኘው የዩኒቨርሲቲ አትክልት ስፍራ የተከላት እ.ኤ.አ. በ1593 ነው። ይህን ታሪክ ለደንበኞቼ የማነሣው «ውኃ ጨምርላት» እያሉ ሲከራከሩኝ ነው። በተራራዋ ላይ ሐምሌ ሞቃትና ደረቅ ነው። የሜሪላንድ ሐምሌ ግን ሙቀትም ዝናብም አለበት፤ ሸክላማው አፈር ውኃውን ይዞ ይቀርና ያረፈችውን ሽንኩርት ያበሰብሳታል።

ስለዚህ መደቡን ከፍ አደርጋለሁ፤ ብስባሽ በብዛት እቀላቅላለሁ። ጥልቀቱ የሽንኩርቱን ቁመት ሦስት እጥፍ ያህል ነው፤ ለቱሊፕ ከ15 እስከ 20 ሳንቲሜትር፣ ሹሉ ጫፍ ወደ ላይ። ዳፎዲል የሚባለውን ሌላውን ባለሽንኩርት አበባ ጥቅምት ላይ አስቀድማለሁ፤ ቱሊፕን ግን ኅዳር ገብቶ መሬቱ በደንብ እስኪቀዘቅዝ አቆያታለሁ። በቀዝቃዛ አፈር ውስጥ ቅጠሏን እንደ እሳት የሚለበልበው የሻጋታ በሽታ ኃይሉ ይደክማል።

ግቢ ለሌለው ሰው የአበባ መትከያ ይበቃል። ሰፊና ጥልቅ፣ ከሥሩ የተበሳ ይሁን። እኔ ፎቅ በፎቅ እደረድራለሁ፤ ከታች ቱሊፕ፣ መሐል ዳፎዲል፣ ከላይ ትንንሾቹን ክሮከሶች። ሽንኩርቶቹ ይቀራረቡ እንጂ አይነካኩ። የላይኞቹ የካቲት ላይ ይጀምራሉ፣ ዳፎዲል መጋቢት ላይ ይከተላል፣ ቱሊፕ ትዘጋለች። አንድ ነገር ግን አይረሳ፤ መሬትን ብርድ የሚገባው ከላይ ብቻ ነው፣ መትከያን ግን ከዙሪያው። በጥር ግግር ብሎ ሽንኩርቱን እንዳይገድለው ከግድግዳ አስጠግቼ በጆንያ እጠቀልለዋለሁ።

ሽኮኮ ክሮከስና ቱሊፕ ቆፍሮ ይበላል፤ አፈሩ ላይ የማነጥፈው የሽቦ መረብ ለሱ ነው። ዳፎዲልን አይነካም፤ መርዝ መሆኑን ያውቃል። ሰው ግን ላያውቅ ይችላል። የዳፎዲል ሽንኩርት ከወጥ ሽንኩርት ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ኩሽና አጠገብ አታስቀምጡት።

ለብዙ ሰው ሥራው አበባው ሲረግፍ ያለቀ ይመስለዋል። የኔ ትልቁ ሥራ የሚጀምረው ያኔ ነው፤ እሱም እጅን መሰብሰብ ነው። የረገፈውን አበባ አናቱን እቀነጥባለሁ፤ ቅጠሉን አልነካም። ስድስት ሳምንት ያህል፣ ቢጫ ሆኖ እስኪተኛ፣ የከርሞውን ስንቅ ወደ ታች የሚያወርደው ያ ቅጠል ነው። ችግሩ፣ የወደቀ ቅጠል ግቢ ያስጠላል፤ የግቢው ባለቤትም ማጨጃ ያነሣል።

ከደንበኞቼ የአንዷ እናት ከፎገራ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ነበር። ግንቦት ላይ የዳፎዲሉን መደብ አይተው «ልጄ፣ ይሄን ቢጫ ሣር ለምን አታጭደውም? ግቢው ባለቤት የሌለው መሰለ እኮ» አሉኝ። ማስረዳት ጀመርኩ። ጎንበስ ብለው አንዱን ቅጠል በጣታቸው ዳበሱና አቋረጡኝ።

«ሽንኩርት ነዋ! ታዲያ ለምን አትለኝም? ቅጠሉ ሳይተኛ የተነቀለ ሽንኩርት መች ይከርማል!»

ከዚያ ቀን በኋላ ልጃቸው ማጨጃ ባነሣች ቁጥር እሳቸው ደጅ ወጥተው ይከላከሉ ነበር አሉ።

መጋቢት ላይ መደቡ ካምናው ይልቅ ሞልቶ አበበ። እናትየው አገር ቤት ገብተዋል። ልጅቷ ፎቶ አንሥታ ልትልክላቸው ስትል፣ «ያምናው የሆላንዱ ገበሬ ነበር» አልኳት፤ «ይሄኛው የእርስዎ ነው በያቸው።»