ሥራ የፈታች ቀኝ እጅ

ሰሞኑን አንድ የልደት ድግስ ላይ ነበርኩ። ልደቱ የሕፃን ቢሆንም ጨዋታው የአዋቂ ነው፤ ያው እንደምታውቁት የሕፃን ልደት የሚከበረው ለወላጆቹ ጓደኞች ነው። ኬኩ ተቆርሶ፣ ቢራው ተከፍቶ ወሬው ከኑሮ ውድነት ወደ መኪና ዞረ። (ለነገሩ መኪናም ራሱ የኑሮ ውድነት ነው።) ከመሀላችን አንዲት የባንክ ሠራተኛ ከስንት ዓመት ቁጠባ በኋላ አንዲት አውቶማቲክ ቪትዝ መግዛቷን በደስታ ነገረችን። «እንኳን ደስ ያለሽ!» ማለት ሲገባን ከወዲያ ጥግ አንዱ፣ «አውቶማቲክማ ምኑ መኪና ነው? ነዳጅና ፍሬን ብቻ! የልጆች መጫወቻ በይው» አለ። ሌላው ተቀበለው፤ «የሴት መኪና ነዋ!» ሁላችንም ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ፤ አልዋሽም። እሷም አብራን ሳቀች። ግን የደስታዋ ወሬ እዚያው ላይ ተቆረጠ፤ የመኪናዋን ቀለም እንኳን ሳትነግረን ቀረች።

የሳቅኩት ያለ ምክንያት አይደለም። እኔ ራሴ የማርሽ ወገን ነኝ። የምነዳት አሮጌ ዲኤክስ ናት፤ ማርሿን ሳስገባ የምትሰጠኝን ደስታ ለሌላ ሰው ማስረዳት ይቸግረኛል። እስቲ ልሞክር። ጠዋት ትራፊኩ ሳይነሣ ከሽሮ ሜዳ ወደ እንጦጦ ውጡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ጥሎ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ዳገቱ ላይ መኪናዋ ስታቃስት በጆሮ ትሰማታላችሁ። ሞተሩ ሳይደክም ወደ ሁለተኛ ትመልሱታላችሁ፤ ፍሪሲዮኑን በስሱ ስትለቁት መኪናዋ እንደገና ነፍስ ትዘራለች። ያቺን ቅጽበት የፈጠራችኋት እናንተ ናችሁ። እጅ፣ እግርና ጆሮ ተስማምተው የሠሩት ሥራ ነው። ይህ ደስታ ውሸት አይደለም።

ይህ ደስታ የእኔ ብቻ እንዳልሆነም ማስረጃ አለ። ፖርሽ የተባለው የጀርመን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2013 ጂቲ 3 የተባለችውን ፈጣን መኪናውን ባለ ፍሪሲዮን ማርሽ አስቀርቶ በኮምፒውተር በሚቀየር ማርሽ ብቻ አቀረባት። አዲሱ ማርሽ ከሰው እጅ የፈጠነ ነው። ደንበኞቹ ግን አጉረመረሙ። በ2017 ኩባንያው ባለ ፍሪሲዮኑን መልሶ አመጣው። አስቡት እንግዲህ፤ ሰዎቹ ገንዘብ ከፍለው የገዙት ቀርፋፋውን ነው! ፍጥነት ቢፈልጉማ ሌላውን ይወስዱ ነበር። የፈለጉት ሥራውን ነው።

እስከዚህ ድረስ ከድግሱ ቀልደኞች ጋር ነኝ። የምለያየው ከዚህ በኋላ ነው።

አንድ አጎት አሉኝ። በዚህች ከተማ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ሲነዱ ነው ያረጁት። የዚያን ዕለት እሳቸውም ድግሱ ላይ ነበሩ፤ ሳቁ ሲበርድ ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ «አንተ ልጅ፣ በቀን ስንት ጊዜ ፍሪሲዮን ትረግጣለህ?» አሉኝ። ቆጥሬ አላውቅም። «ቁጠርና ንገረኝ» አሉ። በማግሥቱ ከሳሪስ ወደ ፒያሳ ስሄድ ቆጠርኩ። ገና ለገሃር ሳልደርስ ሁለት መቶ ሞላና ተውኩት። ይህ እንግዲህ አንድ ጉዞ ነው። አጎቴ ከንጋት እስከ ማታ፣ እሑድን ሳይጨምር፣ ለስንት ዓመት ነው የረገጡት? ዛሬ ደረጃ ሲወጡ ግራ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደገፍ ያደርጋሉ። «ጋሼ፣ ማርሹ አይናፍቅዎትም?» ብላቸው ሳቁብኝ። «የሚናፍቀውማ ለመንሸራሸር ለሚነዳ ነው። እኔ አውቶማቲክ ባገኝ ኖሮ ይሄ ጉልበት ዛሬም ታቦት ያነግሥ ነበር» አሉኝ።

አያችሁ፣ የማርሽን ውበት የምናወድሰው በአብዛኛው በማርሽ እንጀራ የማንበላ ሰዎች ነን። እርሻን የሚያወድስ ከተሜ እንደሚባለው ማለት ነው፤ ሞፈሩን ጨብጦ የማያውቀው ነው ስለ ሞፈር የሚቀኘው። ደስታው እውነት ነው፤ ነገር ግን ደስታ የሚሆነው በቃኝ ሲሉ መተው ሲቻል ነው። ሳይቻል ሲቀር ድካም ይባላል።

«እውነተኛ ሾፌር» የሚባለውም ነገር ቢሆን ሲመረመር ብዙ አይቆምም። ፌራሪ በፎርሙላ ዋን ማርሹን ከመሪው ጀርባ በጣት የሚቀየር ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ናይጄል ማንሴል በዚያች መኪና የመጀመሪያውን ውድድር ብራዚል ላይ አሸነፈ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁሉም ተከተሉት። ስለዚህ የዓለም ፈጣን ሾፌሮች ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን መርገጥ ከተዉ ሠላሳ ዓመት አልፏቸዋል። እስቲ እነሱን «የልጆች መጫወቻ ነው የምትነዱት» በላቸው!

ነዳጅ ትጠጣለች የሚለውም ክስ አርጅቷል። ጄኔራል ሞተርስ ሃይድራማቲክ የተባለውን አውቶማቲክ ካምቢዮ ለ1940 ሞዴል ኦልድስሞቢል ይዞ ከወጣ ጀምሮ ለረጅም ዘመን ክሱ እውነት ነበር፤ ጉልበቱ በዘይት ውስጥ ሲተላለፍ ከፊሉ እየተንሸራተተ ይባክን ነበርና። የዛሬዎቹ ግን ስምንትና አሥር ማርሽ አላቸው፤ ቪትዝን የመሳሰሉት ደግሞ ብዙዎቹ ደረጃ የሌለው ካምቢዮ የተገጠመላቸው ናቸው። ከብዙዎቻችን እግርና እጅ የተሻለ ይቆጥባሉ። እኛ ግን የአባቶቻችንን ክስ ይዘን እንሟገታለን።

አሁን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። ማርሽ ማወቅ ማለት መንዳት ማወቅ ነው ብለን የምናምን ሰዎች፣ ማርሹን በትክክል የሚያስፈልገን ቦታ ላይ ምን እናደርጋለን?

የዛሬ ጥቂት ዓመት ወደ ደብረ ማርቆስ ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ ሾፌር ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ ወደ ዓባይ በረሃ ሲያቆለቁል አየሁት። ማርሹን አወጣና ዜሮ አደረገው። ድልድዩ ጋ ለመድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ወደታች መውረድ አለብን። ጋቢና ከጎኑ ነበርኩና «ምነው?» ብለው፣ «ነዳጅ ለመቆጠብ ነው፤ አይዞህ፣ መንገዱን በዓይኔ ጨፍኜ ነው የማውቀው» አለኝ። ትንሽ እንደሄድን የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ መጣ። ጎማ አይደለም፤ የፍሬን ሸራ ነው። ሦስተኛው ይሁን አራተኛው ኩርባ ላይ ፍሬኑን ደጋግሞ ሲመታው ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ከኋላ አንዲት እናት ልጃቸውን አቅፈው ተኝተዋል። እንደ ምንም ዳር ይዞ ቆመ። ጎማዎቹ አጠገብ እጅ ማስጠጋት አይቻልም ነበር። ግማሽ ሰዓት ያህል እስኪበርድ ጠብቀን፣ አሁን ያለማንም ምክር ሁለተኛ አስገብቶ ወረደ። እናትየው ለምን እንደቆምን እንኳን አላወቁም።

ነገሩ እኮ ቀላል ነው። መኪና በማርሽ ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፤ ፍሬን የሚረዳው ነው እንጂ ብቻውን አይሸከምም። ዜሮ ሲሆን ግን ያ ሁሉ ክብደት ፍሬን ላይ ያርፋል፤ ፍሬን ይግላል፣ የፍሬን ዘይትም ሊፈላ ይችላል፤ ሲፈላ ፔዳሉ ባዶውን ይሰምጣል። የሚቆጠብ የተባለው ነዳጅስ? በድሮው ካርቡራተር ዘመን እውነትነት ነበረው። በኮምፒውተር የሚመራ ሞተር ግን መኪናው በማርሽ ሆኖ፣ ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሲያቆለቁል ነዳጁን ጭራሽ ይዘጋል፤ ጎማው ነው ሞተሩን የሚያዞረው። ዜሮ ሲሆን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ማቃጠል አለበት። ማለትም ሾፌራችን አሥራ ምናምን ነፍስ ገደል አፋፍ ላይ አስቀምጦ ነዳጅ ያባክን ነበር። ሣሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ያደረገን ሣሩም የሌለበት ሜዳ ነው!

ያ ሰው ማርሽ ያውቃል። በልደቱ ድግስ ላይ ቢኖር ኖሮ በባንክ ሠራተኛዋ ላይ ከሳቁት አንዱ ይሆን ነበር።

የአውቶማቲኩ ወገን ደግሞ እንዳይፈነጥዝ። አውቶማቲክ መኪና ቀኝ እጅንና ግራ እግርን ነፃ አወጣ። ግራ እግር አርፎ ተቀመጠ፤ ቀኝ እጅስ? ቀኝ እጅ ሞባይል አነሣች! ቦሌ መንገድ ላይ ቆማችሁ የሚያልፉትን ተመልከቱ። ማርሽ የምትቀይረው እጅ በነበረችበት ቦታ ስልክ አለ፤ ዓይን ወደታች ነው። የዳነውን ድካም ለመንገዱ ብንሰጠው ምን ነበረበት? ከማርሹ አጠገብ ያለችውን «ኤል» ወይም «ቢ» የምትል ፊደል ለምን እንደተጻፈች የሚያውቅ ስንቱ ነው? ለቁልቁለት ናት። ብዙዎቻችን መኪናውን ስንሸጠው እንኳን ሳንነካት ነው።

እንግዲህ ጥፋቱ የማርሹም የአውቶማቲኩም አይደለም። ማርሽ ያስደስት የነበረው እንድናስተውል ስለሚያስገድደን ነው። ማስተዋሉን ትተን ዘንጉን ብቻ ብናመልክ ግን፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሆንብናል።

ክርክሩም ቢሆን ከእጃችን እየወጣ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪኖች ላይ ታክሱን ከባድ አደረገው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ከተማው የቻይና ኤሌክትሪክ መኪና ሞልቶታል። የኤሌክትሪክ ሞተር ከቆመበት ጀምሮ ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥ የሚቀያየር ማርሽ አያስፈልገውም። ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ የሚሉት ከጣሊያን የወረስናቸው ቃላት ልጆቻችን ዘንድ የአያት ወሬ ይሆናሉ።

ባለፈው ሳምንት የአጎቴ የልጅ ልጅ አዲሷን የኤሌክትሪክ መኪና ይዛ መጣችና እሳቸውንም እኔንም ወደ እንጦጦ ወሰደችን። ዳገቱን ያለ አንዳች ድምፅ ወጣችው። አጎቴ ፊት ተቀምጠው ጆሯቸውን ጣል አድርገው የሚሰማ ነገር ፈለጉ፤ አጡ። ዳገቱ በበረታ ቁጥር ግራ እግራቸው ምንጣፉን ረገጥ ታደርግ ነበር። ተመልሰን ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ስንደርስ ወደ ልጅቷ ዞሩና ጠየቋት፤

«ልጄ፣ አሁን ይሄን ቁልቁለት በምን ልትወርጂው ነው?»

«በሞተሩ ነዋ፣ አባባ» አለች፤ አንድ ነገር ነካ አደረገች፤ እግሯን ከነዳጅ መስጫው (ምን ልበለው ታዲያ?) ስታነሣ መኪናዋ ራሷን ያዝ አደረገች። «ስትወርድ ባትሪዋን ትሞላለች። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን መያዟ ይቀንሳል፤ ያኔ ፍሬኑን እጠነቀቃለሁ» አለች፤ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል።

አጎቴ ምንም አልተናገሩም። ወንበሩን ጨብጣ የነበረችውን ቀኝ እጃቸውን አነሡና ጭናቸው ላይ አሳረፏት። ሽሮ ሜዳ እስክንደርስ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር።

እኔ ደግሞ የባንክ ሠራተኛዋን ስልክ ፈልጌ ደወልኩላትና የመኪናዋን ቀለም ጠየቅኳት። ቀይ ናት። መልካም መንገድ!