አንዲት እዝባር

ባለፈው ሳምንት አዲስ የተቀጠረ ወጣት አጠገቤ ተቀምጦ የክላስተራችንን ደንብ ያነብ ነበር። ኢሜጅ እንዲወርድባቸው የተፈቀዱ አድራሻዎች ዝርዝር ላይ ሲደርስ፣ «ጋሼ፣ መጨረሻ ላይ ያለችው እዝባር ምን ታደርጋለች? አጥፍቼ ሞክሬዋለሁ፤ ያለ እሷም ይሠራል» አለኝ። ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር «ተዋት፣ አትንካት» ብዬ አለፍኩት። መልሴ ለራሴም አልበቃኝም፤ ይህን የምጽፈው ለእሱ ነው።

ያለ እሷ ይሠራል፤ ችግሩም እሱ ነው። ወደ ክላስተሩ የሚገባውን የሚፈትሸው የጌትኪፐር የታወቀው ደንብ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ የኢሜጁ ስም በዚህ ይጀምራል ወይ? የውስጥ ሬጅስትሪያችንን ጎተራ.ኢቲ እንበለው። ዝርዝሩ ላይ «ጎተራ.ኢቲ» ብለህ ብትተወው ጎተራ.ኢቲ/ክፍያ ያልፋል። ጎተራ.ኢቲ.ሌላሰው.ኮም/ክፍያም ያልፋል፤ እሱም በዚያው ይጀምራልና። ሌላሰው.ኮም የሚለውን ስም የገዛ ሁሉ ከፊቱ የፈለገውን መቀጠል ይችላል። ለሁሉም ክፍት በሆነው ሬጅስትሪ፣ ዶከር ሃብ ላይ ደግሞ ስም መግዛትም አያስፈልግም፤ በተፈቀደው አካውንት ስም ላይ አንድ ፊደል ጨምሮ መመዝገብ ይበቃል። እዝባሯ ስትኖር ግን ስሙ እዚያው ላይ ይዘጋል።

ለአገራችን ሰው ይህ ሊከብድ አይገባም። በር ጠባቂን «ስሙ በገብረ የሚጀምር ይግባ» ብትለው ገብረማርያምም፣ ገብረሥላሴም፣ ገብረሕይወትም ይገባሉ። ጠባቂው አላጠፋም።

ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት ዝርዝሩን የጻፍኩት እኔ ነበርኩ፤ እዝባር አልነበረውም። ደኅንነቱን እንዲፈትሹ የተቀጠሩ ሰዎች በሁለተኛው ቀን የራሳቸው ኢሜጅ ክላስተራችን ውስጥ ሲሠራ አሳዩኝ። ማንቂያ አልጮኸም፤ ደንቡ የታዘዘውን ፈጽሟልና። ያን ማታ ትዝ ያለኝ አንድ ቁና ስንዴ ነው።

ያደግሁት ታች ጋይንት፣ አርብ ገበያ ነው። እናቴ ከእህል ተራ የዘር ስንዴ እንዳመጣ ስትልከኝ፣ «ከእትዬ ወለተ» ስትል እግሬ ቀደመ። እሷ ያለችው ወለተ ሚካኤልን ነው፤ እኔ የሄድኩት እትዬ ወለተ ኪዳን ዘንድ። እትዬ ወለተ ኪዳን ክፉ ሰው አልነበሩም። የሰፈሩልኝ ለዳቦ የያዙትን ነበር፤ እንክርዳድ ነበረበት። ለዳቦ ተለቅሞ ይበላል። ከተዘራ ግን እስኪያሸት ድረስ ከስንዴው አይለይም። እናቴ አልተቆጣችም። ከዚያ ወዲህ ግን ስሙን እስከ መጨረሻው ደግሜ ሳልነግራት ከደጅ አልወጣሁም።

አብዛኛው የውጭ ኢሜጅም እንዲሁ ነው፤ ክፋት የለበትም፣ ለእኛ ማሳ ተብሎ ግን አልተበጠረም። ክፉውም አለ። በ2018 እ.ኤ.አ. ከዶከር ሃብ የተሰረዙት የአንድ አካውንት 17 ኢሜጆች ቶምካትና ማይኤስኪውኤል መስለው በሰው ሰርቨር ላይ ለባለቤታቸው ሞኔሮ የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ የሚቆፍሩ ነበሩ። እስኪሰረዙ ድረስ ከ5 ሚሊዮን ጊዜ በላይ ወርደዋል።

አንድ የማከብረው ባልደረባዬ «አድራሻ ምንም አይደለም፤ የኢሜጁን ፊርማ በኮሳይን አረጋግጥና ከየትም ይምጣ» ይላል። ለዓመታት ተከራክረናል። ፊርማ ማን እንደሠራው ይነግረኛል፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ነገር ግን ቁልፍ ይሰረቃል፤ የቸኮለ ሰውም ምርመራውን «ለዛሬ ብቻ» ብሎ ሲያነሳው አይቻለሁ። አድራሻውን ሳልዘጋ ፊርማ አላነብም። በዚያ ላይ የራስ ጎተራ ሌላም ያተርፋል። ዶከር ሃብ ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሳይመዘገቡ የሚያወርዱትን በአንድ የአይፒ አድራሻ በ6 ሰዓት 100 ላይ ሲገድብ፣ ሁላችንም በአንድ አድራሻ የምንወጣበት ቢሮ ኮታው ከረፋዱ በፊት ያልቅ ነበር። የራሳችን ጎተራ በሆነው ሃርበር ላይ አንዴ ያስገባነው ግን መስመር ሲቋረጥም እጃችን ላይ አለ።

ደንቡን ስትጽፍ ዋናውን ኮንቴይነር ብቻ አትይ፤ ኢኒቱም፣ ለምርመራ የሚገባው ኤፌመራሉም በዚያው በር ይለፉ። አድራሻ የሌለው አጭር ስምም ከዶከር ሃብ እንደሚመጣ አትርሳ።

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። የማን ዘር ንጹሕ እንደሆነ፣ የማን ጎተራ ነቀዝ እንደገባው ግን ስም በስም ታውቅ ነበር፤ ያ ዝርዝር አሳድጎናል። ከአርብ ገበያ ይዤው የወጣሁት ሙያ እሱ ይመስለኛል፤ ኮምፒውተሩ ኋላ መጣ። ዛሬም ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር በጨመርኩ ቁጥር ድምፄን አውጥቼ እስከ እዝባሯ አነበዋለሁ። ሰኞ ስንገናኝ አንተም እንደዚያው አንብብልኝ።