«ቫራይቲ»፤ ሂስና ማስታወቂያ

ሳይም ሲልቨርማን በኒው ዮርክ ከሚታተም አንድ ጋዜጣ የተሰናበተው አንድ ትርኢት ነቅፎ በመጻፉ ነበር፤ የተነቀፉት ተዋንያን የጋዜጣው ማስታወቂያ ከፋዮች ነበሩና። በዚያው በ1905 እ.ኤ.አ. «ቫራይቲ» የተባለውን ሳምንታዊ የቴአትርና የመዝናኛ መጽሔት አቋቋመ፤ ሂሱም በማስታወቂያ እንደማይገዛ ቃል ገባ። የብዙ ቴአትር ቤቶች ጌታ የነበረው ኢ. ኤፍ. አልቢ ተዋንያኑ በመጽሔቱ እንዳያስተዋውቁ በከለከለ ጊዜም አልተንበረከከም።

ይሁን እንጂ ይህን ታሪክ እንደ ገድል ብቻ መጻፍ በእኛ አስተያየት ስሕተት ነው። መጽሔቱ ራሱ የኖረው ከሚተቻቸው ሰዎች በሚያገኘው የማስታወቂያ ገንዘብ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. አንድ የፊልም ድርጅት፥ ለማስታወቂያ ከፍሎ ሳለ ፊልሙ መነቀፉ ውል ማፍረስ ነው በማለት ከሶታል። ከመቶ ዓመት በኋላም ጥያቄው ያው ነው፦ ሐያሲው እንጀራውን የሚቀበለው ከማን ነው? የኪነ ጥበብ መጽሔት ለማቋቋም የምናስብ ሁሉ ይህን ከመጀመሪያው እትም በፊት ልንመልሰው ይገባናል።