«መጣሁ» እያለ የቆመው ልጅ

ኦንላይን ላይ «አኖን» የሚል ቃል ስታዩ ስሙን የደበቀ ሰው ነው የሚመጣባችሁ። በሼክስፒር ዘመን ግን በዚሁ ድምፅ የሚጠራ ሌላ ቃል ነበር። መነሻው በጥንቱ እንግሊዝኛ «በአንድ» ማለት ነው፤ ልክ እኛ «ባንዴ» እንደምንለው። ትርጉሙም «አሁኑኑ» ነበር። ቀስ በቀስ ግን ላልቶ «ቆይ፣ መጣሁ» ሆነ። የ«ሱን»ም ዕጣ ያው ነው፦ ድሮ «ወዲያው»፣ ዛሬ «በቅርቡ»።

ቃሉን ያላላው ማን ነው? ስንፍና ነው ማለት ይቀላል። እ.አ.አ. በ1598 የታተመውን የ«ሄንሪ አራተኛ» የመጀመሪያ ክፍል ያነበበ ሰው ግን ቶሎ አይፈርድም።

እዚያ ልዑል ሃል፣ ለጨዋታ ብሎ፣ ፍራንሲስ የሚባለውን የመጠጥ ቤት ተለማማጅ በወሬ ይይዘዋል። ጓደኛው ፖይንስ ደግሞ ከሌላ ክፍል ሆኖ ደጋግሞ ይጠራዋል። የልጁ መልስ አንድ ነው፦ «አኖን! አኖን!» መጨረሻ ላይ ሁለቱም ሲጠሩት የት እንደሚሄድ ግራ ገብቶት ይገተራል። ይባስ ብሎ አሠሪው ገብቶ፣ እየተጠራህ ለምን ትቆማለህ ብሎ ይቆጣዋል። ልዑሉም ልጁ ከበቀቀን ያነሰ ቃል ነው ያለው ብሎ ያፌዝበታል።

ሥራዬ ሶፍትዌር ስለሆነ ይሆናል፣ እኔን ይሄ ብዙም አያስቀኝም። አንድ ሲስተም እስኪንገዳገድ ድረስ ጥያቄ ማዝነብ የምናውቀው ፍተሻ ነው። ሲወድቅ ግን በሲስተሙ አንስቅም፤ አቅሙ እስከዚህ ነው ብለን እንመዘግባለን። ሃል ይህንኑ ፍተሻ ሰው ላይ ሠርቶ ውጤቱን የልጁ ድንቁርና አድርጎ ያነበዋል።

አሁን ዡልየትን አስቡ። በሰገነቱ ትዕይንት ሞግዚቷ ከውስጥ ስትጠራት «አኖን» ትልና ከሮሜዎ ጋር ማውራቷን ትቀጥላለች። ያው ቃል ነው፤ ጠሪዎቹም እንደዚያው ሁለት ናቸው። እሷ ስትለው ልባችን ይንጠለጠላል፣ ፍራንሲስ ሲለው እንስቃለን። ለምን? እሷ የምታስጠብቀው አገልጋይዋን ነው፤ እሱ የሚያስጠብቀው ጌቶቹን።

እኛም ዘንድ አስተናጋጁ ገና እግሩን ሳያነሳ «መጣሁ» ይላል፣ ያውም በኃላፊ ጊዜ። ውሸታም ሆኖ አይደለም እኮ። «አሁን አልደርስም» የሚለው መልስ ስላልተፈቀደለት ነው። «አኖን»ንም ያላላው እንዲህ ያለ ነገር ይመስለኛል፦ ጠሪው ብዙ፣ እግሩ ሁለት፣ የተፈቀደለት መልስ አንድ ብቻ።